አንድ ሰርቨር፣ ሰባት ተከራይ

«ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። መስኮት ሥር ቆሞ ለሚጠብቅ ባለጉዳይ ሲስተም የሚባለው ነገር ሩቅ ቦታ ያለ፣ የሰው እጅ የማይደርስበት ነገር ይመስለዋል። እኔ ጥገና የምሠራለት አንድ አስመጪ ድርጅት ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ነው፤ የእነሱ ሲስተም ያለው ደረጃው ሥር፣ ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። በ2015 መጨረሻ በሩን ስከፍተው ሦስት ሰርቨሮች፣ የሚጮህ ዩፒኤስ፣ መዞር ያቆመ ቬንትሌተርና በእስክሪብቶ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አገኘሁ፦ «ይህን ኮምፒውተር እንዳታጠፉ። ፒችትሪ ነው።»

ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ የሂሳብ ሠራተኛው ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው። ሰርቨር ይባል እንጂ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ተራ ኮምፒውተር ነው። የዐሥር ዓመት ሂሳብ ይዟል፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንኳኳል። ፕሮግራሙን አዲስ ኮምፒውተር ላይ እንዳንጭነው ሲዲው ጠፍቷል፤ የጫነው ልጅ ካናዳ ሄዷል። የቀረው መንገድ ኮምፒውተሩን እንዳለ፣ ከነፕሮግራሙና ከነሂሳቡ ወደ አንድ ፋይል ለውጦ ሌላ ሰርቨር ውስጥ ማስነሣት ነው። ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ለባለቤቱ ያስረዳኋቸው በኮንዶሚኒየም ነበር። «ጋሼ፣ አሁን ያሉት ሦስት ሰርቨሮች ሦስት ግቢ ገዝቶ በየግቢው አንድ ሰው እንደማስቀመጥ ናቸው። ጀሞ ኮንዶሚኒየምን ይዩት፤ አንድ ሕንፃ ስንት አባወራ ይይዛል? ሁሉም የራሱ በር፣ የራሱ ኩሽና፣ የራሱ ቆጣሪ አለው።» ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «ሕንፃው ከተቃጠለስ?» አሉ። እዚያው ላይ መልስ አልነበረኝም፤ የሥራው ግማሽ ያለው በዚህች ጥያቄ ውስጥ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

የሕንፃውን ቦታ የሚይዘው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ይጫንና ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ከፋፍሎ ለተከራዮቹ፣ ማለትም ለቨርቹዋል ማሽኖቹ፣ ያድላል። እያንዳንዱ ራሱን ሙሉ ኮምፒውተር አድርጎ ያያል፤ ጎረቤት እንዳለው አያውቅም። አንዱ ሃንግ ቢያደርግ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ኮንቴይነር የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ የኪራይ ክፍሎች ነው። ክፍሉ ለየብቻ፣ ቆጣሪው ግን አንድ። ርካሽና ፈጣን ነው፤ የጋራው ቆጣሪ ሲበላሽ ግን ግቢው በሙሉ ይጨልማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370ን ሲያወጣ አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው እየከፋፈለ ያሠራ ነበር። ወደ ተራው ሰርቨር ያወረደው በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ቪኤምዌር ነው። በጊዜው የነበሩት ፕሮሰሰሮች ለዚህ የተሠሩ ስላልነበሩ ሥራውን በሶፍትዌር ብልሃት ነበር የተወጣው። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ፕሮሰሰሩ ራሱ እንዲያግዝ ካደረጉ ወዲህ ግን በሩ ለሁሉም ተከፈተ። በ2007 ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር የሊኑክስ አካል ሆነ፤ ማይክሮሶፍትም በ2008 የራሱን ሃይፐር-ቪን አወጣ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ቪኤምዌር ነበር፤ ፕሮፎርማም ማሰባሰብ ጀምሬ ነበር። አላፍርበትም። እየሠራ ያለን ማሽን ሳያጠፉ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ማዛወርን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያስለመደው እሱ ነው። እስከ ዛሬም በመሣሪያ አያያዙ፣ በተሟላ ሰነዱ፣ ብልሽት ሲያጋጥም ምክንያቱን በሚያሳይበት መንገድ የሚስተካከለው ብዙ የለም። በእኔ ልምድ አዲስ አበባ ውስጥ ሠልጥኖ የሚሠራበት ባለሙያም በቀላሉ ይገኛል።

ታዲያ 2016 ዓ.ም. መጣ። ኅዳር 12 ቀን ብሮድኮም ቪኤምዌርን በ69 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። በታኅሣሥ አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታው መጠቀም ቀረና በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ተተካ። ጥቂት ቆይቶም ትናንሽ ቢሮዎች የሚለማመዱበት ነፃው የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር፣ ኢኤስኤክስአይ፣ ተቋረጠ (በሚያዝያ 2017 ተመልሷል)። ክፍያው በኮር ቁጥር ነው፤ ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 16 ኮር ይታሰባል። ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር የገዛ ሰው የማያገኘውን 8 ኮር ጨምሮ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ሳያንስ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ታኅሣሥ ላይ በዶላር የተወደደው ኪራይ ሐምሌ ላይ በብር ደግሞ ተወደደ። የውጭ አገር መጽሔቶች የሚያወጡት የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ይህን ሁለተኛውን ዓምድ አያውቀውም።

ጋሼ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «በየዓመቱ ለማይታይ ነገር ከምከፍለው፣ ዶላሩን ባገኝ ዕቃ አመጣበታለሁ።»

እዚህ ላይ ክራክ የሚያነሣ አይጠፋም። ላይሰንስ በፍላሽ የሚዞርበት ቢሮ ከተማው ውስጥ ስንት እንደሆነ የአይቲ ሰው ያውቀዋል። የሕጉን ነገር ልተወውና የደኅንነቱን ላንሣ። ውል የሌለው ሰው የማስተካከያ ፋይሎቹን እንደ ልቡ አያወርድም። በጥር 2015 መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢኤስኤክስአይ ሰርቨሮች በቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሲቆለፉ፣ ቀዳዳው መድፈኛ ከወጣለት ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ሃይፐርቫይዘሩ ተያዘ ማለት የሁሉም ተከራይ ቁልፍ በሌባ እጅ ገባ ማለት ነው። የኢኤስኤክስአይን ሰባተኛ ስሪት ዛሬም የያዛችሁ ካላችሁ፣ ድጋፉ መስከረም 22 ቀን 2018 አብቅቷል።

ሃይፐር-ቪን ብዙ ሰው ከሚገባው በታች ይገምተዋል። ዊንዶውስ ሰርቨር የገዛ ድርጅት ሃይፐር-ቪንም አብሮ ገዝቷል። ስታንዳርድ የሚባለው ላይሰንስ የሰርቨሩን ኮሮች በሙሉ ከሸፈነ ሁለት የዊንዶውስ ሰርቨር ማሽኖችን ያስነሣል፤ ዳታሴንተር የሚባለው የፈለጉትን ያህል። የአይቲ ክፍሉ በዊንዶውስ ያደገ፣ ተከራዮቹም ዊንዶውስ ብቻ ከሆኑ ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም። ሦስትና አራት ማሽን ሲደርስ ግን ላይሰንሱ መደራረብ ይጀምራል። ብቻውን በነፃ ይሰጥ የነበረው ስሪትም በ2019ኙ አብቅቷል። ኤክስሲፒ-ኤንጂ የተባለው የዜን ሃይፐርቫይዘር ልጅ ደህና ነው፤ እጄን አላፍታታሁበትም። ኑታኒክስ የሚባለውም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ለእኛ ዓይነቱ ቢሮ አይደለም።

የመረጥነው ፕሮክስሞክስን ነው። ቪየና ያለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚያወጣው፣ በደቢያን ሊኑክስ ላይ የቆመ፣ ለቨርቹዋል ማሽን ኬቪኤምን፣ ለኮንቴይነር ኤልኤክስሲን የሚጠቀም ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለድጋፍና ይበልጥ ለተፈተነው የማሻሻያ ምንጭ ሲሆን ሂሳቡም በፕሮሰሰር እንጂ በኮር አይደለም። ካልከፈሉ በገቡ ቁጥር «ደንበኝነት የለዎትም» የምትል መስኮት ብቅ ትላለች፤ እሺ ብሎ ማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የኢኤስኤክስአይ ማሽኖችን በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ ጨምሯል፤ ቪም የተባለው የባክአፕ ፕሮግራምም በዚያው ዓመት ያውቀው ጀመር። ጉድለቱን ልናገር፦ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ብቻ ያለበት ቢሮ አይጫነው። ሌሊት ሲበላሽ የሚደወልለትን ሰው ስልክ ሳይዙ የሚገባበት ነገር አይደለም።

ከሦስቱ ማሽኖች የተሻለውን ራም ጨምረን አስቀረነው፤ አንድ አዲስ ገዛን። የፒችትሪውን ዲስክ ዲስክ-ቱ-ቪኤችዲ በተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምረን ቀዳነው። አዲሱ ሰርቨር ውስጥ ሲነሣ ያው የድሮው ሰማያዊ ዴስክቶፕ፣ ያው «የ2006 ሪፖርት አዲሱ የመጨረሻ» የሚል ፎልደር ብቅ አለ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ሰኞ ጠዋት ገብታ የተቀየረ ነገር መኖሩን ሳታውቅ ሥራዋን ጀመረች። ዛሬ አዲሱ ሰርቨር ላይ ሰባት ተከራዮች አሉ፦ የይለፍ ቃል የሚቆጣጠረው ዶሜይን ኮንትሮለር፣ የመጋዘኑ ዳታቤዝ፣ የመጋዘኑ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ የጋራ ፋይሎች፣ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያውና የውስጥ ስልኩ።

የቆጠርኳቸው በሚነሡበት ቅደም ተከተል ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነሡ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ያጣዋል፤ ዳታቤዙ የይለፍ ቃል የሚያረጋግጥለት ያጣል። ከዚያ ያው «ሲስተም የለም» ይመጣል። ተራቸውንና በመካከል የሚጠብቁትን ሰከንድ አንድ ጊዜ መሙላት ይበቃል። ዩፒኤሱ ጀርባ የምትሰካውን የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ብዙ ሰው ከነላስቲኳ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚተዋት። እሷ ከተሰካች ባትሪው ሲያንስ ሰርቨሩ ራሱ ተከራዮቹን በሥርዓት አጥፍቶ ይተኛል። ካልተሰካች ዳታቤዙ እየጻፈ ሳለ ይሞታል።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ቪኤምዌር ላይ አንድ ማሽን ሳሻሽል ቀድሜ ስናፕሾት ወሰድኩ፤ «ከአፕዴት በፊት» ብዬ ሰየምኩት፤ ረሳሁት። ስናፕሾት ቅጂ አይደለም፤ «ከዚህ ወዲያ ያለውን ለውጥ ለብቻው ጻፍልኝ» ማለት ነው። ያ የለውጥ ፋይል ስምንት ወር ሙሉ ሲያብጥ ኖሮ ደመወዝ በሚሠራበት ቀን ዲስኩን ሞላውና ማሽኑ ቆመ። ቪኤምዌር ራሱ ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት ይላል። ባክአፕ አለኝ ብሎ ስናፕሾት የሚያሳየኝ የአይቲ ልጅ ሲገጥመኝ ያቺ ቀን ትዝ ትለኛለች።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ፤ ሕንፃው ከተቃጠለስ? ያስቀረነውን ሰርቨር ሁለተኛ ፎቅ አወጣነው፤ የተከራዮቹ ዲስክ በየ15 ደቂቃው ወደ እሱ ይቀዳል። አንደኛው ድንገት ቢሞት የሚጠፋው ቢበዛ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሦስተኛው ማሽን ጀሞ ወዳለው መጋዘን ሄዶ የየሌሊቱን ባክአፕ ይቀበላል። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከባክአፑ አንዱን ተከራይ መልሰን እናስነሣለን፤ ካልተነሣ ባክአፕ አልነበረም ማለት ነው። አምስት ሰው ብቻ ያለበት ቢሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ትተው የኢትዮ ቴሌኮምን ቴሌክላውድ ወይም አይሲቲ ፓርክ ያሉትን የራክሲዮንና የዊንጉን ዳታ ማዕከላት አገልግሎት ይጠይቁ እል ነበር፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ መቆሙን ከታገሡ።

ሁለት ሰርቨር ብቻውን ግን ጠብ አለው። በመካከላቸው ያለው ገመድ ቢበጠስ ሁለቱም «ያኛው ሞቷል» ብለው ያንኑ ተከራይ ያስነሡና ሂሳቡን ያበላሹታል። ስለዚህ ፕሮክስሞክስ አብላጫ ድምፅ ይፈልጋል፤ ሦስተኛ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ ትንሽ ሊኑክስ የተጫነበት ማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

የእኛ ሽማግሌ ያ የፒችትሪው ኮምፒውተር ነው። የሚንኳኳው ዲስክ ወጥቶ ሌላ ገብቶለታል። ወረቀቱ አሁንም እንደተለጠፈ ነው፤ «ይህን ኮምፒውተር እንዳታጠፉ» የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ «ፒችትሪ ነው» የሚለው ብቻ በእስክሪብቶ ተሰርዟል።