የርካሽ ገመድ ዕዳ

በወላይታ ዞን በምትገኘው በዲምቱ ከተማ፣ በገበያ ዳር በተነጠፈ ሸራ ላይ ተጠቅልሎ የተደረደረውን የስልክ ቻርጀርና ገመድ አይቶ፣ ዋጋው ረክሷልና ሳይመረምር ገዝቶ የሚሄድ ሰው፣ ከዚያች ትንሽ ዕቃ ጋር ምን ያህል አደጋ ወደ ቤቱ ይዞ እንደሚገባ አያስተውልም።

ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ ስልኩ በተለመደው አሞላል የሚሻው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ ብርቱውን ኃይል አለዝቦ የሚያቀብለው፣ በሁለቱም መካከል እንደ ቅጽር ቆሞ የሰውን ሕይወት የሚጠብቀው ቻርጀሩ ነው። በደኅናው ቻርጀር ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በበቂ ርቀትና መከለያ ይለያያሉ፤ በርካሹ ግን ለወጪ ቁጠባ ሲባል መከለያው ይሳሳል፣ ርቀቱም ይጠባል፤ ቅጽሩ በፈረሰ ዕለት ብርቱው ኃይል በገመዱ አልፎ ስልኩን ከያዘው እጅ ሊደርስ ይችላል። የገመዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ መዳቡ ከቀጠነ፣ ኃይሉ በጭንቅ ሲያልፍ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱም የለበሰውን ፕላስቲክ እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ቻርጀሩን በእጁ ይመዝን፤ እንደ ባዶ ቀፎ የቀለለውን፣ የቮልቱና የአምፔሩ ልክ ያልተጻፈበትን ይተወው። ሲሞላ እጅ የሚፋጀውን ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተውን ወዲያው ይንቀለው፤ አንገቱ ላይ የተላጠውን ገመድ በፕላስተር ጠቅልሎ ዕድሜ አይለምንለት፤ ስልኩንም እየሞላ ከትራስ ሥር አያሳድር። ንዋይ በላብ ይተካልና፤ ነፍስ ግን ምትክ የላትም።