የሸሚዝ ዋጋ 20 ሼቄል ብቻ ነውን?

በጎንደር ገጠር አንድ ኩታ እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ። እናት ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ሸማኔው ይሸምነዋል። ኩታው ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። ከጥጡ እስከ ቡትቶው ድረስ የደከመበት ሰው ሁሉ በስሙ ይታወቃል፤ ቢታመም ይጠየቃል።

ዛሬ ከሹክ በ20 ሼቄል የምንገዛው ሸሚዝ ግን እንዲህ አይደለም። አንገትጌው ላይ የምናገኘው የተሰፋበትን አገር ስም ብቻ ነው። ጥጡን ማን ለቀመው? ማንስ ሰፋው? ዋጋው የረከሰው በማን ትከሻ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ የጥናት ዘዴ አለ። አንድ ዕቃ ጥሬ ዕቃው ከሚገኝበት ቦታ አንሥቶ እስከሚጣልበት ቀን ድረስ በሰዎች ኑሮ ላይ ያመጣውን ጥቅምና ጉዳት ይመዝናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቶ በ2020 አሻሽሎታል።

ታዲያ የሰው ኑሮ እንዴት ይመዘናል? እንደ ሥጋ በኪሎ አይደለም። አንዱ መንገድ በየደረጃው ስንት የሥራ ሰዓት እንደፈሰሰ መቁጠር ነው። ከዚያም ያ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ይጠየቃል፦ ደመወዙ ቤተሰብ ያኖራልን? ሕፃናት ይሠራሉን? ሠራተኛው በማኅበር መደራጀት ይችላልን? ሕንፃውስ አስተማማኝ ነውን?

ከጥጡ እንጀምር። በኡዝቤኪስታን መንግሥት ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችንና መምህራንን ሳይቀር በግዴታ ጥጥ ያስለቅም ነበር። ብዙ የውጭ አገር ልብስ ነጋዴዎች ጥጡን አንገዛም አሉ፤ ታዛቢዎችም በየማሳው ዞረው መረመሩ። በ2022 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የተደራጀው የግዴታና የሕፃናት ሥራ ማብቃቱን አስታወቀ።

ወደ ስፌቱ እንለፍ። በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ በአፕሪል 2013 ተሰነጠቀ። ታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ታዘዙ፤ ሕንፃው በላያቸው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ገዢ ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር አስገዳጅ ውል ፈርመው ፋብሪካዎችን ማስመርመር ጀመሩ።

እንግዲህ «አልገዛም» ማለት ብቻውን ይበቃልን? የሐዋሳን የኢንዱስትሪ ፓርክ እንመልከት። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጿል። ከገጠር ለመጡ ወጣት ሴቶች ይህ ለቤት ኪራይና ለምግብ አይበቃም ነበር። ይሁን እንጂ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የመግባቱን መብት ስትከለክል፣ ብዙዎቹ ያንኑ ትንሽ ደመወዝ አጡ። ስለዚህ ትክክለኛ ሚዛን ሁለቱንም ይይዛል፦ የደመወዙን ማነስና የሥራውን መጥፋት።

ውድ አንባቢያን፣ ገና ቤት በማቋቋም ላይ ያለ ቤተሰብ ርካሽ ሸሚዝ ስለገዛ አይወቀስም። ነገር ግን ሸሚዙን ጠግኖ ዓመት ከመንፈቅ መጨመር፣ የሰፊዋን ድካም ማክበር ነው።

ደግሞም ይህ ሚዛን ስለ ሩቅ ሰው ብቻ አይናገርም። እዚህ እስራኤል በማሸጊያ ቤት፣ በፋብሪካ ወይም በጽዳት የምትሠሩ ሁሉ የአንድ ዕቃ ሕይወት ክፍል ናችሁ። በየወሩ ትሉሽ የተባለውን የደመወዝ ወረቀት ተቀበሉ፤ የሠራችሁበት ሰዓት በትክክል መጻፉን አንብቡ፤ ካልገባችሁ አስነብቡ። የእናንተም ሰዓት መቆጠር አለበት።