ላም አለኝ… በጣራ ላይ!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቅናትም ስለ ክህደትም አይደለም። ስለ አንዲት ላም ነው። ላሚቱ ሁለት ራስ አላት። ከዕለታት አንድ ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ እኔው ራሴ በሠራሁት ቤት ጣራ ላይ ተገትራ አገኘኋት። መሰላል የለ፣ ደረጃ የለ… እንዴት እንደወጣች አንድዬ ይወቀው! «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በዓይኔ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነኝ። ላሚቱ ያለችው ኮምፒዩተር ጌም ውስጥ ነው። «ታዲያ የጌም ላም ጣራ ላይ ብትወጣ ለኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ባለቤቴም ያለችኝ ይኼንኑ ነው። ግን ታገሱኝ። የላሚቱ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ እቤቴ ሳሎን ድረስ ገብቷልና ላጫውታችሁ።

መንደር ቆርቋሪው

ጌሙ «ፎልአውት 4» ይባላል። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ያወጣው ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ2287፣ ማለትም ዓለም በ2077 በኑክሊየር ጦርነት ከወደመች ከ210 ዓመት በኋላ፣ በቦስተን ከተማና በአካባቢዋ ነው። መተኮስ የሚወድ ሲተኩስ ያድራል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ነገሩ ነው። ፍርስራሹን እየጠረጋችሁ መንደር ትቆረቁራላችሁ። ግድግዳ ታቆማላችሁ፣ አልጋ ትዘረጋላችሁ፣ ውሃ በፓምፕ ታወጣላችሁ፣ በቆሎ ትተክላላችሁ። ከዚያ የሬዲዮ ማሰራጫ ስትተክሉ መጠጊያ ያጡ ሰዎች ከየአቅጣጫው መምጣት ይጀምራሉ። የአንድ መንደር ሕዝብ ጣሪያው 10 ነው፤ በዚያ ላይ «ካሪዝማ» የሚባለው የተጫዋቹ ነጥብ ይደመርበታል። ሥራ ትመድቡላቸዋላችሁ፣ አልጋ ታድሏቸዋላችሁ። ባጭሩ የቀበሌ ሊቀመንበር ትሆናላችሁ!

ታዲያ የኔ መንደር ለዓይን ያማረ ነበር። ችግሩ ነዋሪዎቹ ናቸው። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሞ ይውላል። አንዷን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጥሩ አልጋ ሰጥቻት ሌሊቱን ደረጃው ሥር ቆማ ታነጋለች። ገበሬው ደግሞ እርሻው አምስት እርምጃ ላይ ሆኖለት በሌለ አጥር ዙሪያ ሲሽከረከር ይመሻል። በዚህ ሁሉ ላይ ላሚቱ ጣራ ላይ ወጣች።

የሚገርመው አንዳቸውም አቤቱታ አያሰሙም። መንገድ የጠፋበት ሰፋሪ «መንገድ አጣሁ» አይልም። ዝም ብሎ ይቆማል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዓይን የሌለው መንገደኛ

እልህ ያዘኝና ምክንያቱን ማጥናት ጀመርኩ። ለካስ የጌም ሰው ዓይን የለውም! እኛ ደረጃ ብለን የምናየው ሥዕል ለሱ ምኑም አይደለም። እሱ የሚያውቀው መሬቱ ላይ የተነጠፈ፣ ለኛ የማይታይ ሌላ ምንጣፍ ነው። ባለሙያዎቹ «ናቭሜሽ» ይሉታል። ከብዙ ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች የተሰፋ ነው። ሁለት ቁርጥራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ከተጋጠሙ ሰውየው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ካልተጋጠሙ ግን ክፍተቱ ጣት የማታስገባ እንኳ ብትሆን ለሱ ገደል ናት።

በምንጣፉ ላይ አጭሩን መንገድ የሚመርጥበት ስሌት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው የኔዘርላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ሲዞር ይደክመውና ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጣ ይቀመጣል። እዚያው ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ በ20 ደቂቃ ውስጥ የአጭር መንገድ ፍለጋን ስሌት በጭንቅላቱ ጨረሰው። በ1959 አሳተመው። (እጮኛዋ በዚያ 20 ደቂቃ ምን ስታደርግ እንደነበር ማሰብ የናንተ ፈንታ ነው!)

በ1968 ደግሞ በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል የተባሉ ሦስት ሰዎች «ሼኪ» ለተባለው ተንቀሳቃሽ ሮቦት ሲሉ አሻሻሉት። «ኤ ስታር» ይባላል። ልዩነቱን በኛው ከተማ ላስረዳችሁ። ከመገናኛ ሜክሲኮ መሄድ ፈለጋችሁ እንበል። የዳይክስትራው በሁሉም አቅጣጫ፣ በጉርድ ሾላ በኩልም ጭምር፣ በእኩል እየሰፋ ይፈልጋል። ኤ ስታር ግን «ከዚህ እስከ ሜክሲኮ በግምት ስንት ይቀራል?» ብሎ እየጠየቀ ወደ መድረሻው የሚያቀርበውን መንገድ ያስቀድማል። ዛሬ ብዙ ጌሞች ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚራመዱት በኤ ስታር ወይም በዘመዶቹ ነው።

ስሌቱ የቱንም ያህል ጎበዝ ይሁን፣ ምንጣፉ ከተቀደደ ግን ምንም አያመጣም። የኔን መንደር ምንጣፍ የቀደደው ደግሞ ማን መሰላችሁ? እኔው ነኝ!

ጥፋቱ የኔ ነበር

ጌም አፍቃሪዎች ለሚወዱት ጌም የሚሠሩት ጭማሪ «ሞድ» ይባላል። እኔም አንዱን ሞድ ጭኜ በጌሙ ውስጥ ሊነኩ የማይችሉትን ያረጁ ግድግዳዎች ጠራርጌ አፈረስኩ። ግድግዳው ከዓይን ጠፋ። በምንጣፉ ላይ ግድግዳው የነበረበት ቀዳዳ ግን አልተደፈነም። ገበሬዬ በሌለ አጥር ዙሪያ የሚሽከረከረው ለዚህ ነበር። ለሱ ግድግዳው ዛሬም አለ!

ሁለተኛ፣ ዕቃን እንደልብ ለማስቀመጥ በሚያስችል ሌላ ሞድ ደረጃውን ከወለሉ ጋር ሳላጋጥም አስጠጋሁት። እያንዳንዱ ወለልና ደረጃ የየራሱን ቁራጭ ምንጣፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ቁራጮቹ የሚሰፉት ግን ዕቃዎቹ በትክክል ሲቆላለፉ ነው። እኔ ለዓይን እንዲያምር ብዬ ስፌቱን በጠስኩት።

ላሚቱስ? ተጫዋቹ ሩቅ ሲሆን ማሽኑ ነዋሪውን ሁሉ እርምጃ በእርምጃ አያስኬድም። ስንመለስ በቅርብ ያገኘው ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣቸዋል። የጣራው ምንጣፍ ከቀረበ ጣራ ላይ! የጣራው ምንጣፍ ከታችኛው ጋር ስላልተሰፋ ደግሞ መውረጃ የለም።

እንግዲህ መድኃኒቱ

ይኼ ችግር ያለባችሁ ወጣቶች እንደማትጠፉ ስለማውቅ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ሞድ ከመፈለጋችሁ በፊት ቤታችሁን አስተካክሉ። ወለል፣ ደረጃና ግድግዳ ራሳቸው «ቀጭ» ብለው ሲጋጠሙ ብቻ ልቀቋቸው። በርና ደረጃ አፍ ላይ ወንበርም ሳጥንም አታስቀምጡ። ዳገት የሚበዛበት ቤት ከሆነ አልጋውን ምድር ቤት አድርጉት። የጠፋ ሰው ካለ የመንደሩን ደወል ደውሉ፣ ይሰበሰባሉ። እምቢ ያለውን በመሥሪያ ሜኑው መርጣችሁ «እዚህ ሂድ» በሉት።

ሁለተኛ፣ የአንድን መንደር ምንጣፍ ለመጠገን የተሠሩ ሞዶች አሉ። ማብራሪያቸውን አንብቡ። ለአንድ መንደር አንድ ብቻ ምረጡ። ሁለት ሞድ አንድን ምንጣፍ ከነካ መጨረሻ የተጫነው ያሸንፋል፣ የፊተኛው ድካም ከንቱ ይሆናል። ሁለት ጌታ የሚያዝዘው ሎሌ መቼም አያምርበትም።

ሦስተኛ፣ እጄን ላሟሽ የምትሉ «ክሪኤሽን ኪት» የተባለው መሥሪያ ፕሮግራም አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 በነፃ ተለቋል። መንደሩን በውስጡ ስትከፍቱ ያ የማይታየው ምንጣፍ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ቀዳዳውን በሦስት ማዕዘን ትደፍናላችሁ፣ ጠርዙን ከጎረቤቱ ጋር ታያይዛላችሁ። ነዋሪዎቹ እንዲያዘወትሩት የምትፈልጉትን ጎዳና «ተመራጭ» ብላችሁ ምልክት ማድረግም ይቻላል። ስትጨርሱ «ፋይናላይዝ» የምትለዋን ትእዛዝ አትርሱ። ያለሷ ከአጎራባቹ ቦታ ጋር ያለው ስፌት አይጸናም።

አራተኛ፣ አደራ! የጌሙን ዋና ምንጣፍ አሮጌ ነው ብላችሁ ፈጽሞ አትሰርዙ። ሌሎች ሞዶች ስሙን እየጠሩ ይፈልጉታል፤ ሲያጡት ጌሙ ድርግም ብሎ ይዘጋል። የማትፈልጉትን ከመሬት በታች ጥልቅ ቦታ ቅበሩት እንጂ አታጥፉት።

አምስተኛ፣ ከሞድ ያገኛችሁት ሶፋ ወይም ቁምሳጥን ላይ ሰዎቹ እንደ ዕውር እየተጋጩ ከቆሙ ዕቃው ምንጣፉን የሚቆርጥ ሳጥን አልተሠራለትም ማለት ነው። «ናቭከት» የሚባል የማይታይ ሳጥን ሲደረግለት ምንጣፉ በዕቃው ልክ ይቀደዳል፣ ሰዎቹም ዞረው ያልፋሉ። መንገድ ማሳየት ማለት የማይታለፈውንም ማሳየት ነውና!

ስድስተኛ፣ ሞድ ከመጫናችሁም ከማውጣታችሁም በፊት የጨዋታችሁን ሴቭ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ይኼን ሳያደርጉ ያለቀሱ ብዙ ናቸው።

እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ለፋሁ። አንድ ሌሊት ታዲያ ያቺ ሴትዮ ደረጃዋን ቀስ ብላ ወጥታ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል አየኋት። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የሳሎኔ ሰፋሪ

ደስታዬን ላካፍላት ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። አየችው። አልተቆጣችም። እንዲህ ብቻ አለችኝ።

«እማማ ከመሸ ውሃ መጠጣት ትተዋል። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

እናቴ ለጉልበቷ ሕክምና ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ከተቀመጠች አራት ወሯ ነው። ቤታችን ጠባብ የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። እሷ ከምትተኛበት ክፍል ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ በሳሎን በኩል ያልፋል። በመሃሉ ደግሞ የኔ የኮምፒዩተር ጠረጴዛ አለ፤ ወንበሬ አለ፤ ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ገመድ ተዘርግቷል። እናቴ በከዘራ ነው የምትሄደው። አንድ ሌሊት ገመዱ እግሯን ይዟት ግድግዳ ተደግፋ ቀረች አሉ። እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ልጄን አላውከውም ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ውሃ አትቀምስም። እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላም «እዚሁ ይሻለኛል» እያለች አልጋዋ ላይ ነበር የምትጠጣው። እኔ ደግሞ ብርድ ፈርታ ይመስለኝ ነበር!

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? መንገድ ያጣ ሰው አቤት አይልም። ዝም ብሎ ይቆማል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላልተፈጠሩ ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ የሠራሁ ሰው ለወለደችኝ እናቴ አንድ ክንድ መተላለፊያ ነፍጌያት ነበር። ሲነጋ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጥግ ወሰድኩት። ጠበበኝ፣ ጉልበቴ ግድግዳ ይነካል፤ ይሁን። ገመዱን በግድግዳው ጥግ በምስማር ያዝኩት። ከክፍሏ እስከ መጸዳጃ ቤቱ የምትበራ ትንሽ መብራት ተከልኩ። ያስፈጀኝ ጊዜ? አንድ ሰዓት አይሞላም።

ጌም አትጫወቱ የምል እንዳይመስላችሁ። እኔም አልተውኩም። የምመክራችሁ ይኼን ብቻ ነው። ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፉና አብሮአችሁ ከሚኖረው ሰው አልጋ ተነስታችሁ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በዝግታ ሂዱ። ምን እንደሚመታችሁ ታገኙታላችሁ። የምታገኙትን አንሱት። ሰውየው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ አይነግራችሁም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ከዘራዋን ይዛ ብቅ አለች። ሳሎኑን ቃኘት ቃኘት አደረገችና ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ይኼ ቤት ሰፋ እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ትንሽ ሰፋ» አልኳት።

ሦስተኛውንም ጠጥታ ነው የተነሳችው።

ላሚቱ? ወርዳለች። ቸር ይግጠመን!