ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል?

«ጥርሴ መነቃነቅ የጀመረው ካሳጠብኩት በኋላ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ የተሰማውን ነው የተናገረው። የተሳሳተው ጥፋተኛውን ሲለይ ነው። ጥርሱን ያላላው ከእጥበቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሕመም ሳያሰማ ሲያልቅ የኖረው የመንጋጋ አጥንት ነው። የድድ በሽታ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ አያምም። እኛ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ዘንድ የምንሄደው ሲያመን ነው።

መነሻው ፕላክ ነው፤ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ፣ በጥፍር ሲፍቁት የሚነሳ ነጣ ያለ የባክቴሪያ ንጣፍ። እ.ኤ.አ. በ1965 የድድ በሽታ ተመራማሪው ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቻቸው በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። መቦረሽ ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳኑ። ጂንጂቫይቲስ የሚባለው ይህ ነው፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል፣ ግን ያለ ምንም ጠባሳ ይድናል። ብዙ ሰው ደም ሲያይ ቡርሹን ከዚያ ቦታ ያሸሻል። የደማው ግን በደንብ ያልተቦረሸ ስለሆነ ነው።

ሳይነሳ የቆየ ፕላክ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት እየጠጠረ ታርታር ይሆናል፤ ታርታርን ደግሞ ቡርሽም መፋቂያም አያነሳውም። ቁጣው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል። ባክቴሪያው ኪሱ ውስጥ ሲመሽግ ሰውነት ሊከላከል ይነሳል፤ በዚህ ውጊያ መሃል የሚሟሟው ጥርሱን የተሸከመው አጥንት ነው። ይህ ፔሪዮዶንታይቲስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ ደረጃ የደረሰባቸው ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣሉ።

ሁሉንም ሰው እኩል አይጎዳም። እኚሁ ሎ ከ1970 እስከ 1985 የጥርስ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ 480 የስሪላንካ የሻይ ልማት ሠራተኞችን ተከታትለው ነበር። የሁሉም አፍ በፕላክና በታርታር የተሞላ ነበር። ሆኖም ከመቶ 8ቱ በሽታው ሲገሰግስባቸው 81ዱ በመጠኑ ተጎዱ፤ 11ዱ ደግሞ ከድድ መቆጣት አላለፉም። «አያቴ ቡርሽ ሳይነኩ በሙሉ ጥርሳቸው ሞቱ» የሚሉን ሰዎች አያቶች ከእነዚህ 11ዱ ወገን መሆናቸው ነው። እርስዎ ከየትኛው እንደሆኑ በመስታወት አይታወቅም።

የሚታወቀው በልኬት ነው። ሐኪሙ ጫፉ ደንዘዝ ያለ፣ በሚሊሜትር የተሰመረ ቀጭን መሣሪያ በድዱና በጥርሱ መሃል ቀስ አድርጎ ያስገባል። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው፤ ከ4 ጀምሮ ኪስ ነው፤ 6 እና ከዚያ በላይ ጥልቅ ነው። ሲነካ የደማውም ይመዘገባል፤ አጥንቱ ምን ያህል እንደጎደለ ደግሞ ራጅ ያሳያል። ከ2018 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ አመዳደብ የጉዳቱን መጠን ከአንድ እስከ አራት፣ ፍጥነቱን በሦስት እርከን ይለያል። በቀን 10 እና ከዚያ በላይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ወይም የሦስት ወር የስኳር ልኬቱ 7 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ የስኳር ታማሚ ፈጣኑ እርከን ላይ ይመደባል።

በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። አጫሽ ድዱ እምብዛም አይደማም፤ ትንባሆ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ በሽታው ይደበቃል። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ እናቶች ያላቸው የድድ ንቅሳትም መቅላቱን ይሸፍናል። ንቅሳቱን ለውበት ብቻ ሳይሆን ለሚደማ ድድ መድኃኒት ብለው የተነቀሱም አሉ፤ ቀለሙ ግን ኪሱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አይነካውም።

ሕክምናው ሲጀመር ከድዱ በላይ ያለው ታርታር ይነሳል፤ ታካሚውም አጸዳዱን ይማራል። በጥርስ መሃል የሚገባው ትንሽ ቡርሽ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ቀጥሎ ድዱ በማደንዘዣ ይደነዝዝና ኪሱ ውስጥ ያለው በሚርገበገብ መሣሪያና በእጅ መፋቂያ ብረት ከሥሩ ይጸዳል። መግቢያው ላይ የተጠቀሰው አቤቱታ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ታርታሩ የላሉትን ጥርሶች እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸው ኖሯል፤ ሲነሳ እውነተኛው ሁኔታቸው ይገለጣል። የድዱም እብጠት ሲጎድል ጥርሱ የረዘመ፣ መሃሉም የሰፋ ይመስላል። ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሳምንታት ሊጠዘጥዝ ይችላል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ ታካሚው ተጎዳሁ ቢል አይፈረድበትም። ቁጣው ሲበርድ ግን ብዙ የላላ ጥርስ ተመልሶ ይጠነክራል።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል። ጥልቅ ሆኖ የቀረ ኪስ ካለ ድዱን ከፍቶ በቀዶ ሕክምና ማጽዳት ያስፈልግ ይሆናል። የጠፋ አጥንት ግን፣ ለንቅለ ተከላ አመቺ ከሆኑ ጥቂት ጉድለቶች በቀር፣ አይመለስም። ስለዚህ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው፤ እንደ ሰውየው ሁኔታ በየሦስት ወሩ፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ።

ከፋርማሲ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ መዋጥ ይህን ሁሉ አይተካም። የባክቴሪያው ንጣፍ መድኃኒቱን ይቋቋማል፤ ታርታሩም እዚያው ይቀራል። በተረፈ ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ወይም ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ድዱ ሊያድግበት ስለሚችል መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር።

የስኳር ታማሚዎች ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። ከፍተኛ ስኳር ድዱን ያባብሳል፤ የተቆጣ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ድዱ በአግባቡ ሲታከም የሦስት ወሩ የስኳር ልኬት በአማካይ በ0.4 በመቶ ነጥብ ገደማ እንደሚወርድ ጥናቶች አሳይተዋል። ስኳር ካለብዎ፣ ባያምዎትም፣ ድድዎን አስለክተው ውጤቱን ለስኳር ሐኪምዎ ያሳዩ።