ትንሿ የዝሆን ጥርስ ቅርጽ ከየት መጣች?

ዛሬ በኢትዮጵያ ዝሆን የሚገኘው ባቢሌ፣ ማጎ፣ ጨበራ ጩርጩራ፣ ጋምቤላና ቃፍታ ሽራሮ አካባቢ ነው። የእኛ የሰሜን ወሎ ሀብሩ ቆላ ግን ዝሆን የለውም። ስለዚህ ወልድያ ወይም መርሳ ከአያት ሳጥን ውስጥ ጣት የምታክል ነጭ ቅርጽ ብትወጣ፣ በንግድ፣ በስጦታ ወይም በመንገደኛ እጅ የመጣች ናት ብሎ መነሳት ይሻላል። ወልድያ የደሴ፣ የመቀሌና የወረታ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ብዙ እጅ አልፎባታል።

መጀመሪያ የሚታየው ቁሱ ነው። የዝሆን ጥርስ አግድም በተቆረጠበት ፊት ላይ እንደ ወንፊት እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች በአጉሊ መነጽር ይታያሉ። የሚሠሩት ማዕዘን ከ115 ዲግሪ ከበለጠ የዛሬ ዝሆን ነው፤ ከ90 ካነሰ ከምድር የጠፋው ማሞዝ ነው። የጉማሬ ጥርስ ይህ መረብ የለውም። አጥንት ደግሞ በጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይለያል። በጋለ መርፌ መውጋት የሚባለው የቆየ ፈተና ፕላስቲክን ያጋልጣል፤ ነገር ግን በቅርጹ ላይ ጠባሳ ስለሚተው ማንም እንዲሞክረው አልመክርም።

የዘረመል ምርመራ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ተመራማሪዎች የጥርሱን ዘረመል ከመላው አፍሪካ ከተሰበሰበ የዝሆን ፋንድያ ጋር አመሳክረው እንስሳው የኖረበትን አካባቢ ይጠቁማሉ። ይሁን እንጂ መልሱ የዝሆኑ አገር ነው፤ የቀራጩ አገር አይደለም። የአፍሪካ ጥርስ ለዘመናት ሕንድና ቻይና ድረስ ሄዶ ተቀርጿል።

የቀራጩን አገር የሚነግረው የእጅ ሥራው ነው። በምሥራቅ ኮንጎ የሌጋ ሕዝብ የብዋሚ ማኅበር ምስሎች በዘይትና በእጅ መነካካት ብዛት ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላሉ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የዛሬዋ ሴራሊዮን ቀራጮች ለፖርቱጋሎች የጨው ዕቃ ይሠሩ ነበር። በመካከለኛው አፍሪካ የሎአንጎ ጠረፍ ቀራጮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጥርሱ ዙሪያ የሚጠመዘዝ የሰዎች ሰልፍ ቀርጸው ለአውሮፓውያን ሸጠዋል።

በእኛም አገር ነገሩ ጥንታዊ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ጥርስ በአክሱም አልፎ ወደ አዱሊስ ይወርድ እንደነበር ይናገራል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርኪኦሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን በአክሱም የጡብ ቅስቶች መቃብር የሚባለውን ሲቆፍር እንስሳትና የወይን ሐረግ የተቀረጸባቸው የጥርስ ሰሌዳዎች አግኝቷል።

ትናንሽ ቅርጾች ሲነሱ ግን እኔ የማስበው የሰንጠረዥ (ቼዝ) ጨዋታን ነው። ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር አንድ የቬኒስ ሰዓሊ ይጫወት እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን በጨዋታ ላይ አግኝቷቸው፣ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በግርድፉ የተሠሩና ትልልቅ መሆናቸውን መዝግቧል። ከጠጠሮቹ አንዱ ፊል ይባላል፤ በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው። እንግዲህ የሥራ ግርድፍነት ብቻውን የሐሰት ምልክት አይሆንም። ግርጌዋ ጠፍጣፋና በመሻሸት የለሰለሰ ከሆነ የሰንጠረዥ ጠጠር እንደሆነች እጠረጥራለሁ።

አብዛኛው በእጃችን ያለው ግን ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ያለው የቱሪስት መደብር ሥራ ሳይሆን አይቀርም። መጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ ሲቃጠል፣ ከጥሬው ጥርስ ጋር የተቀረጹ ጌጣጌጦችም ነበሩበት። ዓለም አቀፉ ንግድ የታገደው በ1989 (እ.ኤ.አ.) በመሆኑ፣ ዕቃው መቼና በማን እጅ እንደገባ ማወቅ የሕግም ጉዳይ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው፣ የባለቤትነት ታሪኩ ነው። በአቅራቢያችን ያለው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል፤ ቤተሰቦችም ብዙ ዕቃ ጥለው ሸሽተዋል። ስለዚህ ቅርጿን በሁሉም ጎኗ፣ በተለይ ግርጌዋን፣ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ፤ አትጠቡ፣ አትፈቅፍቁ። ከዚያ አያትን ጠይቁ፦ ማን ሰጠዎት? የሰጠዎት ሰውስ ከየት አመጣት? በየትኛው ገበያ፣ በየትኛው ዓመት? መልሳቸውን በራሳቸው አነጋገር፣ ከተጠየቁበት ቀን ጋር ጻፉት።