የቡና አቧራና የማታው ትኩሳት

በቴፒ ወይም ዛሬ ሚዛን አማን በምትባለው በሚዛን ተፈሪ ያደገ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል። ማታ ብርድ ብርድ ያለውና መገጣጠሚያውን የቆረጠመው ሰው «ወባ ናት» ይላል፤ ጎረቤቱም «ወባ ናት» ይለዋል። አገሩ ሞቃትና እርጥበት የማያጣው ስለ ሆነ ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ይሁን እንጂ በቡና መፈልፈያ ቤት ውሎ የሚገባ ሠራተኛ ትኩሳቱ ሁልጊዜ ከትንኝ ላይመጣ ይችላል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሌላው ምክንያት ምን ሊሆን እንደሚችል፥ ከየት እንደሚመጣና መከላከያው ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን።

አቧራው ከየት ይመጣል?

እንደሚታወቀው ቡና የሚዘጋጀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እሸቱን ፈልፍሎ ማጠብ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከነገለባው አድርቆ ጀንፈል ካደረጉ በኋላ በመኪና መፈልፈል ነው። ለሳንባ አስጊው ይህ ሁለተኛው ነው። ጀንፈሉ በመኪናው ሲፈጭ ገለባው ይደቅቃል፤ ከመሬት ላይ ከተሰጣም አፈሩ አብሮ ይቦናል።

ነገር ግን አቧራው ገለባና አፈር ብቻ አይደለም። የበሰለው ፍሬ ስኳርና ውሃ ያለበት ስለ ሆነ ለረቂቅ ተሕዋስያን መልካም መኖሪያ ነው። ቡናው ቶሎ ቢደርቅና እርጥበቱ ወደ 12 ከመቶ ቢወርድ ሻጋታ ሊያድግበት አይችልም። በደቡብ ምዕራብ ግን ዝናቡ ብዙ፥ አየሩም እርጥብ ስለ ሆነ ማድረቁ ይዘገያል። በወፍራሙ የተከመረና ያልተገላበጠ ቡና ይሻግታል፤ ባክቴሪያም ይራባበታል። ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ በሽፋናቸው ውስጥ ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ አላቸው። ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ አይጠፋም። እንግዲህ ቡናው ደርቆ በመኪና ሲፈለፈል ያ መርዝ ከአቧራው ጋር ይነሣል፤ ሠራተኛውም ይስበዋል።

በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

አፍንጫና ጉሮሮ ትልልቁን አቧራ ይይዛሉ። ከፀጉር ውፍረት እጅግ የሚያንሰው ብናኝ ግን እስከ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳል። ኢንዶቶክሲኑ በዚያ ሲደርስ ሰውነት ጠላት እንደ ገባበት ቆጥሮ ይነሣል። በእህል ጎተራና በጥጥ ፋብሪካ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ በሐኪሞች የታወቀ ነገር አለ፤ ይኸውም ብዙ አቧራ በሳቡ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፥ ብርድ፥ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል መምጣቱ ነው። ሕመሙ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ሰውየው በመካከሉ የወባ መድኃኒት ቢውጥ «መድኃኒቱ አዳነኝ» ይላል፤ ወደ አቧራውም ይመለሳል። ትኩሳቱ ይለፍ እንጂ ከዓመት ዓመት የሚሳበው አቧራ የሳንባን ኃይል ሊቀንስ ይችላል።

የተለካው ምን ያህል ነው?

የአዲስ አበባና የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የቡና መፈልፈያ ፋብሪካዎች ያደረጉትን ጥናት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2018 አሳትመዋል። በሠራተኛው ደረት አጠገብ ማጣሪያ ያለው ትንሽ የአየር መሳቢያ አንጠልጥለው አቧራውን ለኩ። በመኪናው ክፍል የሚሠሩትና ጫኝና አውራጆቹ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 12 ሚሊግራም ያህል ሲስቡ፥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች የሚስቡት ወደ 1 ሚሊግራም ነበር። በኖርዌይ ለዚህ ዓይነት አቧራ የተወሰነው ልክ 5 ሚሊግራም ነው።

በራጅ ክፍል የሚሠራ ሰው የጨረሩን መጠን የሚመዘግብ ምልክት በደረቱ ያደርጋል፤ ጨረር በዓይን እንደማይታይ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። አቧራ ግን ስለሚታይ እንደ ተራ ነገር ይናቃል። በውስጡ ያለውን መርዝ ማንም አያየውም።

ባለፈው ዕረፍት ከመካከላችን ሁለቱ ወደ አገራቸው በሄዱ ጊዜ አንድ መፈልፈያ ቤት ጎብኝተው ነበር። ከመኪናው አጠገብ የሚሠሩት ጎልማሳ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ነበር። «ጋሼ፥ አቧራው አይጎዳዎትም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ማታ ወተት ስጠጣ ጠራርጎ ይወስደዋል» ብለው መለሱልን። ይህን እምነት በብዙ ፋብሪካ እንሰማዋለን። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም።

መከላከያው

1ኛ፤ ሥራው ከማሳ ይጀምራል። ቡናው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ሳስቶ ቢሰጣ፥ ቶሎ ቶሎ ቢገላበጥና ማታ ቢሸፈን ሻጋታውም አፈሩም ይቀንሳል። እንዲህ የደረቀ ቡና ዋጋም ያወጣል፤ ስለዚህ የባለቤቱና የሠራተኛው ጥቅም አንድ ነው።

2ኛ፤ መኪናው ይከደን፤ አቧራውን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያም ይደረግለት።

3ኛ፤ ሻሽና ነጠላ ረቂቁን ብናኝ አያግዱም። ኤን 95 እንደሚባለው ያለ ማጣሪያ ያለው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል።

4ኛ፤ ትኩሳት የያዘው ሁሉ በመጀመሪያ ደሙን ይመርመር። ወባ ሳይመረመር ቢታለፍ ይገድላልና «አቧራ ነው» ብሎ መቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ደሙ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን ሠራተኛው የት እንደ ዋለ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙም ይጠይቅ።

ይህች የመጨረሻይቱ ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም። በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለቡናው አገር ቅርብ ነውና፥ በዚያ የጤና ትምህርት የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በየመፈልፈያው የማታውን ትኩሳት ቢመዘግቡ ትልቅ ሥራ ይሆናል። እኛም ጋሼን በሚመጣው ዕረፍት ስናገኛቸው ከወተቱ የተሻለ መልስ ይዘንላቸው ልንሄድ ይገባናል።