«ጥንድ» ብለን ከመመዝገባችን በፊት

ፎርሙን በቴሌግራም የላከልኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የሚወዳደሩበት የፍለጋ ጨዋታ ነው። ፍንጭ ይሰጣችኋል፣ ቦታውን አግኝታችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሮጣላችሁ። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የቲሸርት ልክ ሞላን። ቀጥሎ «ግንኙነታችሁ?» ይላል፤ ጥንድ፣ ጓደኛሞች፣ ቤተሰብ። እሱ ሳያመነታ «ጥንድ በይው» አለ። የኔ ጣት ግን ስክሪኑ ላይ ቀረ።

ከታች በትንንሽ ፊደል «የተወዳዳሪዎች ፎቶ በቻናላችን ይለጠፋል» የሚል አለበት። ቤተሰቦቼ ያሉት ኢሉባቦር፣ ዳሪሙ ነው። ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመቱ ዳሪሙ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ፎቶ ግን መናኸሪያ አያድርም። ጃርሳ ሳይላክ፣ እናቴ ስሙን እንኳ ሳትሰማ፣ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ይቺ የእናንተ ልጅ አይደለችም?» ቢላትስ?

«ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ። ጨዋታማ ጨዋታ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ውድድር የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመረው «አሜዚንግ ሬስ» የተባለ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። በስድስተኛው ዙር ተወዳዳሪዎቹ ላሊበላ ድረስ መጥተዋል፤ 1 ሚሊዮን ዶላሩን የወሰዱት ፍሬዲና ኬንድራም እጮኛሞች ነበሩ። ያየው ሰው ግን ያውቃል፤ መንገድ ሲጠፋ ፍቅረኛሞች ሰው ፊት ይጨቃጨቃሉ።

እስኪ እንለማመድ ተባባልንና ካፌ ቁጭ ብለን ፍንጭ መጻጻፍ ጀመርን። እኔ ጻፍኩ፦ «በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠባት ከተማ።»

«ጎንደር!»

ጎሬ ናት፤ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለተኛ፦ «ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የኢሉባቦር የቡና ጫካ።» «ከፋ» አለ። ከፋም በዚያው ዓመት ነው የተመዘገበው፤ የኢሉባቦሩ ግን ያዩ ነው። ሦስተኛው ሶር ነበር። «ተራራ ነው?» አለኝ። የመቱ አካባቢ ልጅ ሁሉ የሚኮራበትን ፏፏቴ!

የኔ ተራ ሲደርስ ደግሞ «በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ቴአትር ቤት» ብሎ ሰጠኝ። ብሔራዊ ቴአትር አልኩ። ለካ ሀገር ፍቅር ነው፤ በየቀኑ በታክሲ የማልፈው።

ሳቅን። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሁለት ዓመት አብረን ስንሆን «የት ነው አገርሽ?» ሲለኝ «መቱ አካባቢ» ብዬ ወሬ እቀይር ነበር። ዳሪሙ ብል አያውቀውም ብዬ። እንዲያውቀው ግን መቼ ነገርኩት? እሱስ መቼ ደግሞ ጠየቀ?

ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ ውድድሩም፣ ስለ ፎቶውም፣ ስለ ልጁም ነገርኳት። ዝም አለች። የኔታ ፊት እንደቆመ ተማሪ ጠበቅኩ።

«ልጁ ዳሪሙን ያውቃል?»

«አያውቅም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ፎቶው አይቅደመው። እሱ ይቅደም።»

በነጋታው «ጓደኛሞች» የሚለውን መረጥን። መጀመሪያ ቅር አለው፤ «ታፍሪብኛለሽ?» እስከማለት ደርሶ ነበር። እናቴ ያለችውን ስነግረው ግን ትንሽ ዝም ብሎ «የመቱ አውቶብስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለኝ። በእውነት፣ ውድድሩን ያሸነፍን ያህል ነው የተሰማኝ።

እናንተም በጥንድ ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ተመዝገቡ፤ ደስ ይላል። ካርታውን ማን እንደሚይዝ፣ መንገድ ሲጠፋ ማን ሊስትሮውን እንደሚጠይቅ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከሁሉም በፊት ግን ስማችሁን ጎን ለጎን ሲያነቡ የሚደነግጡ ሰዎች ካሉ፣ ቻናሉ ሳይነግራቸው እናንተ ንገሯቸው።